ከዱቄት ጆንያ የተቀደደ ሻሽ

ሬሳዎቹን ያመጧቸው ማክሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ገና መሞቅ ሲጀምር ነው። ያ በውሃም በየብስም የሚሄደው የአሜሪካኖች ብረት ለበስ ከቦዩ እየጮኸ ወጣና ዓሣ ሻጮቹ አጠገብ ቆመ። የኋላ በሩ ተከፈተ፤ ሰባት ሰው አራገፈ። ወታደሮቹ ጎን ለጎን ደረደሯቸው፤ እግራቸውን ወደ ገበያው፣ ራሳቸውን ወደ ውሃው። ከዚያ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰው ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ፣ «ሰባት ኮሚኒስቶች ተደምስሰዋል! ዘመድ ያለው መጥቶ ሬሳውን ይውሰድ፤ መንግሥት ይፈቅዳል!» እያለ ለፈፈ።

በራክ ሴን ገበያ ይህን ግብዣ የሚያምን ሕፃን እንኳ የለም። ሬሳ ሊወስድ የመጣ ዘመድ ራሱ ይወሰዳል። መንግሥትም አሜሪካኖቹም የሚጠብቁት ሬሳ ጠያቂ ሳይሆን አልቃሽ ነበር፤ በዚያ ስታልፍ እግሯ የሚተሳሰርባትን፣ ፊቷ የሚለዋወጥባትን ሴት። አስር አለቃ ትሩክ ከአንድ መደብ ጥላ ሥር በርጩማ ስቦ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። ሬሳ ሊጠብቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሬሳ የትም አይሄድም። የሚጠብቀው የእናቶችን ፊት ነው።

ሉዋ የሩዝ አጥሚት ሻጭ ነች። ድስቷ የሚጣደው ከዓሣ ሻጮቹ ቀጥሎ፣ ሬሳዎቹ ከተደረደሩበት ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ጭልፋዋን እንደያዘች ቀና ስትል ከግራ በኩል ሦስተኛው ልጇ ታክ ነበር።

እሱ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። እግሩ የአባቱ እግር ነው፤ ሁለተኛዋ ጣት አውራ ጣቱ ላይ የወጣች። ከዚያ ፊቱንም አየች። ፊቱ ደህና ነበር፤ የተመታው ከደረቱ በታች ነው። ከቤት ሲወጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ አሁን ሃያ አራት ሞልቶታል። ጢም አብቅሏል። ጢሙን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማማ፣ ኧረ አጥሚቱ ፈሰሰ!» አላት ሳህኑን የዘረጋው ደንበኛ።

«ይፍሰስ! የሚጎድለው ያንተ ሆድ» አለችው፤ ሰውየው ሳቀ። ሉዋ አፏ ከልቧ የሚቀድም ሴት ናት። ዕድሜ ልኳን ከጎረቤት ያጣላት አፏ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀማት።

መንግሥት ዘንድ ታክ ሞቷል ተብሎ ከተጻፈ አራት ዓመት አልፎታል። የድሮ መንደራቸውን አሜሪካኖቹ እንዳሻቸው በመድፍ የሚደበድቡት ስፍራ ሊያደርጉት ሕዝቡን በጀልባ ጭነው ወደ ራክ ሴን ባጋዙ ጊዜ፣ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስንት ልጅ አለሽ አላት። ታክ ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ወንዱ በልጅነቱ በኮሌራ ሞቶብኛል» አለች። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ጻፈ። ሴቷን ልጇን ሜንን ያተረፈችው በዚህች ቃል ነው። ሜን የመንግሥት ወታደር አግብታለች፤ ባሏ ወደ ሰሜን ተራሮች ዘምቶ እሷ አራስ ልጇን አዝላ የአሜሪካኖቹን ልብስ ታጥባለች። ወንድሟ ማን እንደሆነ ቢታወቅ እሷም፣ ባሏም፣ ሕፃኑም አለቀላቸው። ይሁንና በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ዕድሜውን ያሳጥራል ይባላል። ሉዋ ያን የተዘረጋ እግር እያየች ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ መድፉንም፣ አውሮፕላኑንም፣ ሰባት ባሕር አቋርጦ የመጣውን ጦርም አላሰበችም። እኔው ነኝ በአፌ የገደልኩት አለች በልቧ።

ቀትር ላይ ሜን ልጇን አዝላ መጣች። ገና ከሩቅ አይታ ኖሮ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«እማዬ...»

«ሳህኖቹን ውሰጂና እጠቢ።»

«እማዬ፣ እሱ ነው አይደል?»

«እጠቢ አልኩሽ እኮ! ፊትሽን ወደ ቦዩ፣ ጀርባሽን ወደ ሰው አድርገሽ እጠቢ። ትሩክ እያየን ነው። ልጅሽን የምትወጂ ከሆነ ዛሬ ወንድም አልነበረሽም።»

ሜን ሳህኖቹን ተሸክማ ወደ ውሃው ወረደች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሳህን ሁሉ ሳይቀር ደግማ ደጋግማ አጠበች።

ረቡዕ ዕለት ፀሐዩ በረታ፤ ዝንብ ወረደ፤ ሽታው መጣ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይገበያዩ ጀመር። ግን ቅበሩ ብሎ የሚናገር አልተገኘም፤ አዛኝ መምሰል ራሱ ያስጠረጥራል። ሉዋ የማክሰኞን ሌሊት ሙሉ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ልጅ እንዴት አድርጌ በእጄ ልቅበረው? የእሷ አገር ሰው ያልታጠበና ያልተሸኘ ሬሳ ሲቀር ነፍሱ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ተርቦ በየመንገዱ ሲንከራተት የሚኖር፣ ቤት የሌለው መንፈስ ይሆናል። ጠዋት ላይ መላው ተገለጠላት። ማዘን ያስጠረጥር እንደሆነ መናደድ አያስጠረጥርም።

የሰፈሩ ሹም ጋሼ ዶይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሲያልፍ ጠብቃ ጭልፋዋን ድስቱ ላይ አንኳኳች።

«ጋሼ ዶይ! ኧረ ጋሼ ዶይ! አጥሚት ልሽጥ ወይስ ዝንብ? ይንገሩኝና ልወቀው!»

«ምን ሆንሽ ደግሞ አንቺ?»

«ምን ሆንሽ ይሉኛል እንዴ? አፍንጫዎትን ቤት ትተውት ነው የመጡት? ሽታው ድስቴ ውስጥ ገባ! ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሳህን እንኳ አልሸጥኩም። ወይ እነዚህን ቅበሯቸው፣ ወይ መደቤን ቀይሩልኝ!»

ገበያው ሳቀ። ቢክ የምትባለው ዓሣ ሻጭ፣ ጎረቤቷ፣ ራሷን ነቀነቀች። «ውይ ሉዋ! አንቺ ለሙት እንኳ አትራሪም?»

«ሙት አይገዛኝም!» ብላ ጮኸች ሉዋ።

ይህን ስትል የልጇ እግር እዚያው ሃያ እርምጃ ላይ ነበር። ምላሷን ነክሳ ብትተፋው ደስ ባላት። ግን ቃሉ ሠራ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ትሩክ እንኳ ፈገግ አለ፣ ጋሼ ዶይም ሊገላገላት ቸኮለ።

«ማን ይቀብራቸው? ወታደሩ ሬሳ አይቀብርም፤ ያገሬው ሰው ይፈራል» አለ ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ እቀብራለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ! በሰባተኛው ወር ባለቤት ለሌላቸው ነፍሶች ቅጠል ላይ አጥሚት የማፈሰው ማን ሆነና? ወራሽ የሌለውን ሬሳ መቅበር ጽድቅ ነው፤ እናቴም አያቴም አድርገውታል። ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሁለት ወንዶች ብቻ ይስጡኝ።»

ጋሼ ዶይ ከጃንጥላው ሥር አጮልቆ አያት። «ለጽድቅ ነው ወይስ ለገበያሽ?»

«ለሁለቱም። እርስዎን ምን አገባዎት?»

የአሜሪካኑ ሻምበል ፈቀደ። አፈር ከመመለሱ በፊት ቆጥሮ ፎቶ ማንሣት አለበት፣ ያ ብቻ ነው ተባለ። ሐሙስ ጠዋት ሰባቱን በሁለት ታንኳ ጭነው ከቦዩ ማዶ ወዳለው የኮኮናት ተክል ወሰዷቸው። ለሰባቱ አንድ ረጅም ጉድጓድ ነው የተቆፈረው። ትሩክ ጠብመንጃውን አንግቶ ሊጠብቅ አብሮ ሄደ።

«በሪፖርቱ ላይ አሥራ አንድ ናቸው» አለ ለቆፋሪዎቹ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ። «የቀሩትን አራቱን የት እንደምንቀብራቸው እስካሁን የነገረን የለም።» ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሊስቅ አሰበና ተወው።

ሉዋ ይዛ የሄደችው አንድ እንስራ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ሩዝና ለመጥረጊያ የሚሆን ባዶ የዱቄት ጆንያ ነው፤ ሁለት እጅ ሲጨባበጥ የታተመበት፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የአሜሪካ እርዳታ ጆንያ። ከቀኝ በኩል ጀመረች። ሦስተኛው ጋ ቶሎ ላለመድረስ ብላ ነው ከቀኝ የጀመረችው። የእያንዳንዱን ፊት አጠበች፣ አፉን ከፍታ ጥቂት ሩዝ አደረገች፣ ዓይኑን ከደነች። አንዱ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነበር። አንዱ ጥርሱ ገና በደንብ ያልገጠመ ልጅ ነበር። ለሁሉም እኩል ውሃ አፈሰሰች፤ ታክ ጋ ስትደርስም እኩል እንጂ አንዲት ጠብታ አልጨመረችለትም። በሆዷ ጠብታ እየቆጠረች ነበር።

ፊቱን አጠበች። ሩዙን አደረገችለት። ከዚያ እጇ ከጆንያው አንድ ቀጭን ቁራጭ ቀደደና ግንባሩ ላይ አሰረለት።

እጇ ነው፣ እሷ አይደለችም። በእነሱ አገር ልጅ ለወላጁ ሐዘን ነጭ ሻሽ ያስራል። ወላጁን ቀድሞ የሞተ ልጅ ግን ያን ዕዳ ሳይከፍል ስለሚሄድ፣ ሬሳው ግንባር ላይ ነጭ ሻሽ ይታሰርለታል፤ የእናቱን ሐዘን አስቀድሞ ለብሶት እንዲሄድ። ይህን የሚያስር ወላጅ ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። ሉዋ ስንት የጎረቤት ልጅ ሲገነዝ ያየች ሴት ናትና እጇ ሳያማክራት የለመደውን አደረገ።

ቀና ስትል ትሩክ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ ያያት ነበር። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ምን እንዳየ ያውቃል።

ደሟ ቀዘቀዘ። ግን እጇ አልቆመም። ጆንያውን እንደገና ቀደደች፤ ቀጥሎ ያለውን አሰረችለት። ደግማ ቀደደች። ወደ መጀመሪያዎቹም ተመለሰችና ላንዱ፣ ለሌላው፣ ጥርሱ ላልገጠመው ልጅ፣ በመጨረሻም ለሸበተው ሰውዬ አሰረች።

«እማማ» አለ ትሩክ በቀስታ። «ይሄ ሽማግሌም እናት አለው?»

«ያለ እናት የተወለደ ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። በሕይወት መኖሯን ግን በምን አወቁ ብዬ ነው።»

«ከሞተችም ዕዳው ቀርቶለት ይሄዳል፤ ካለችም ይክፈላት። ምን ይጎድልብሃል?»

ትሩክ ሲጋራውን መልሶ ጎረሰ። ሉዋ በልቧ ዳንኩ አለች። ብልጠት ክፉ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዴ ሲያድን ሁልጊዜ የሚያድን ያስመስላል።

ሻምበሉ ከአስተርጓሚው ጋር የመጣው ያኔ ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ረጅም ወጣት ነው፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ የብረት ቆቡን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሉዋ ትጠነቀቅ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። ሁለቱ የሚጨባበጡ እጆች ታክ ግንባር ላይ ውለዋል፤ ሻምበሉ እዚያ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

አስተርጓሚው መነጽር ያደረገ የሳይጎን ተማሪ ነው። «እማማ፣ ሻሹ ምንድን ነው ይላሉ። ያሰሩላቸው ስለሚያውቋቸው ነው?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ትሩክም ጭምር።

«እኔ ማንንም አላውቅም ጌታዬ» አለች ሉዋ፤ እንደ ልማዷ አፏ ከልቧ ቀደመ። «ለራሴ ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ቀን እናቶቻቸው የመቃብሩን በር ሊከፍቱ ይመጣሉ። ልጆቻችንን ያለ ሻሽ ሸኘሻቸው ብለው ቢረግሙኝስ? እነሱ ናቸው እኮ አጥሚቴን የሚገዙኝ!»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሉዋ ቋንቋውን አታውቅም፤ የሻምበሉ ዓይን ግን ሲተረጎምለት ሳለ መሐል ላይ ቀጥ ሲል አየች። ዞሮ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ።

«ሦስተኛው ቀን ነው ያሉት?» አላት ተማሪው። «ቅዳሜ ማለት ነው?»

«እንደው... እንደ ድሮው ልማድ ማለቴ ነው። በዚህ ጦርነት ማን ልማድ ይጠብቃል? ማንም አይመጣም...»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሻምበሉ ቆቡን ደፋ፤ በእነሱ ቋንቋ፣ በተሰባበረ አነጋገር፣ አመሰግናለሁ አላት። ሬሳዎቹንም ሳይወረውሩ ቀስ ብለው እንዲያወርዷቸው ቆፋሪዎቹን አዘዘ። ትሩክ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሉዋ ልጇ ላይ አፈር ሲመለስ ቆማ አየች፤ የሚያሳፍረው ነገር ግን በዚያች ሰዓት የምታስበው ልጇን እንኳ አልነበረም፤ ምን አደረግኩ እያለች ነበር።

የተቀበረ ሰው ነፍስ አፈር ውስጥ ተዘግታ ትቆያለች። በሦስተኛው ቀን ዘመድ ሰባት መረገጫ ያላት ትንሽ የቀርከሃ መሰላል መቃብሩ ላይ ይተክላል፣ አንዲት ጫጩት ሦስት ጊዜ በዙሪያው ያስኬዳል፣ ሩዝና ጨው በትኖ የሟቹን ስም ይጠራል። ያኔ ነፍስ መሰላሉን ይዛ ትወጣለች። ያልተከፈተለት እዚያው ጨለማው ውስጥ ይቀራል። ሉዋ ለባሏ አድርጋለች። እሱን የገደሉት ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ጦርነቱ ባለቤት ለወጠ እንጂ አንድም ቀን አልቆመም። ሐሙስ ማታ ከቀብሩ ስትመለስ ሳታስበው ቀርከሃ ሰንጥቃ ሰባት መረገጫ ያላት መሰላል ሠራች።

ዓርብ ቀትር ላይ ሜን ከአሜሪካኖቹ ሰፈር ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ልብስ የታለ?» አለቻት እናቷ።

«የቅዳሜው ማጠብ ቀርቷል። ሻምበሉ ነገ ጭቃ ውስጥ ስለሚውል እሑድ ጠዋት ብዙ ልብስ ይጠብቅሽ ተባልኩ።» ሜን መሰላሏን አልጋው ሥር አየቻት። «እማዬ፣ ነገ ከሄድሽ መጀመሪያ ለእኛም ቆፍረሽልን ሂጂ።»

«ማን እሄዳለሁ አለሽ?»

«መሰላሏ።»

«ወንድምሽ እኮ ነው ሜን። በሩ ተዘግቶበት ይቅር?»

«ይሄስ ልጄ?» አለች ሜን ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ። እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ሉዋ ሕፃኑን ይዛ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ መሰላሏን ጉልበቷ ላይ ሰበረቻትና ከድስቷ ሥር ከተተቻት። ደረቅ ቀርከሃ ሲነድ ይጮኻል፤ እስኪያልቅ ድረስ ጮኸ። ልጇን ሁለተኛ ጊዜ እንደቀበረችው ነው የተሰማት፤ ያሁኑ ደግሞ አውቃ።

የቀራት ሌሎቹን እናቶች ማስጠንቀቅ ነበር። ግን ማንን? ስማቸውን አታውቅ፣ መንደራቸውን አታውቅ። ስለዚህ ቢክ ጋ ሄደች፤ የቢክ ጆሮ የገባ ወሬ ከሞተር ጀልባ ይፈጥናል።

«ነገ ወደ ኮኮናቱ በኩል ሰው ባይሄድ ይሻለዋል አሉ» አለቻት ዓሣ እያገላበጠች።

«ማን አለሽ?»

«ወፍ ነገረችኝ።»

«ወፏ ወታደር አየች?»

«አንቺ ለሰው ንገሪ፤ የወፏን ነገር ተይው።»

ቢክ ተናገረች። እስከ ማታ ራክ ሴን በሙሉ ሰማ። ነገር ግን የሞቱት የራክ ሴን ልጆች አልነበሩም። ሁለት ቦይ፣ ሦስት ቦይ ማዶ ያለ መንደር ወሬ የሚደርሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትሩክና ሁለት ወታደሮች አንዲት ሴት ይዘው ከማዶ ተሻገሩ። ዕድሜዋ ከሉዋ ብዙም አይርቅም። እጇን በገዛ ሻርፗ አስረውታል፤ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው። ካንዱ ወታደር ቆብ ውስጥ አንዲት ጫጩት ትንጫጫለች፤ ወታደሩ ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ይዟት ይዞራል። የወረዳው ጀልባ እስኪመጣ ሴትዮዋን ሉዋ መደብ ጥላ ሥር አስቀመጧትና አጥሚት አዘዙ።

ሉዋ ቀዳችላቸው። ከዚያ ሳትታዘዝ አንድ ሳህን ይዛ ሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ አለች። እጇ ስለታሰረ በማንኪያ አጎረሰቻት። ትሩክ አየ፣ አልከለከለም።

«ሻሽ ያሰርሽላቸው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ሴትዮዋ ሁለት ማንኪያ ከዋጠች በኋላ።

«ማን ነገረሽ?»

«ከቆፋሪዎቹ አንዱ የእኛ አገር ሰው ነው። ሰባቱም ሻሽ ታስሮላቸው፣ ፊታቸው ታጥቦ ተቀበሩ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ልመጣ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ለማታውቃቸው ልጆች አንዲት አጥሚት ሻጭ ይህን ካደረገች፣ እኔ እናቱ ቤቴ ልቀመጥ ነው ወይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሉዋ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰችው። የእሷ አፍ ወታደሮቹን ጠራ፣ የእሷ ሻሽ ሴትዮዋን ጠራ። ሁለቱም ወገን እሷ ባለችው ቀን፣ እሷ ባለችው ቦታ ተገናኙ።

«በሩስ?» አለች ድምፅዋን አጥፍታ። «ሳትከፍቺ ነው የያዙሽ?»

«ከፍቻለሁ። መሰላሉን ተክያለሁ። ጫጩቷም ሦስት ዙሯን ጨርሳ ነበር ከጭቃው ውስጥ ሲነሡብኝ።»

ሉዋ ደስ አላት። መደበቅ አያስፈልግም፤ ያች ሴት እጇ እንደታሰረ ፊቷ ተቀምጣ እያለች ሉዋ ከጥፍሯ እስከ ፀጉሯ ደስ አላት። ጉድጓዱ አንድ ነው፤ በሩ ለአንዱ ከተከፈተ ለሰባቱም ተከፍቷል። ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች፤ ሐፍረቷ ግን ደስታዋን አላባረረላትም።

«ልጄ ሎክ ይባላል፤ ሦስቴ ጠራሁት» አለች ሴትዮዋ። «የሌሎቹን ስም ስለማላውቅ፣ እናንተም ልጆች ኑ ውጡ አልኳቸው። በስሙ ያልተጠራ ይሰማ ይሆን ብዬ ግን ሆዴን በላኝ።» ወደ ሉዋ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ስታጥቢያቸው አንዱን እንኳ በስም ያወቅሽው ካለ ንገሪኝ። የምወሰድበት ሆኜ እጠራዋለሁ። እኔ አሁን ምን ቀረኝ? እኔ ጮክ ብዬ መጥራት እችላለሁ።»

ትሩክ ሳህኑን ከአፉ አውርዶ ነበር። ከድስቱ ኋላ ሜን ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ አትተነፍስም። ታክ የሚለው ስም ሉዋ ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ያልጠራችው ስም ነው። አንዲት ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«አላውቅም» አለች። «አንዱንም አላውቀውም።»

«ምኑን ታውቂው፤ ለጽድቅ ብለሽ ያደረግሽው ነገር ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሰማይ ይክፈልሽ።»

ጀልባው መጣ። ሴትዮዋን ብብቷን ይዘው አነሷት። ወደ ጀልባው መውረጃ ደረጃ ላይ ስትደርስ መደበቅ ያበቃላት መሆኑን ያኔ ገና ያስታወሰች ይመስል አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ሎክ! ልጄ! ሎክዬ!» ብላ ጮኸች። ገበያው ጸጥ አለ። ሽንኩርት ሻጯ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ቢክ ዓሣውን ጥላ አለቀሰች፤ አንዷን አይታ ሌላዋ አለቀሰች። በራክ ሴን ገበያ ከማክሰኞ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ፤ ለተያዘች ሴት ማልቀስን የሚከለክል ትእዛዝ እስካሁን አልመጣም ነበርና።

ሉዋ ጭልፋዋን ጣለች። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ነው የጀመረችው። ከዚያ ድምፅዋ እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ደረቷን መታች፣ አመድ በእጇ እየዛቀች ራሷ ላይ አደረገች።

ትሩክ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። «ዘመድዎ ናት እንዴ እማማ?»

«አይደለችም» አለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ለመንግሥት ሰው የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። ትሩክ ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሮ ሄደ።

«ሉዋ፣ ይብቃሽ!» አለች ቢክ ትከሻዋን ይዛ። «ለማያውቁት ሰው እንዲህ አይለቀስም።» ሜን እናቷን ልታነሣ አልመጣችም፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ከድስቱ ኋላ ቀረች።

ጀልባው ከቦዩ መታጠፊያ ሲሰወር ሌሎቹ ሴቶች ዓይናቸውን ጠርገው ወደየመደባቸው ተመለሱ። ሉዋ ግን አላቆመችም። አጥሚቱ አርሮ እስኪሸት፣ ገበያው እስኪበተን አለቀሰች። የራክ ሴን ሰዎችም ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ ያቺ አፈ ክፉ አጥሚት ሻጭ ለካስ ይህን ያህል ሆደ ቡቡ ኖራለች ተባባሉ።